ልደታ፣ አራተኛ ፎቅ፦ የጨው ውሃ ገንዳ የድንጋይ አደራደር ማስታወሻ

መስከረም መጨረሻ፦ ክብደቱ

የባሕር ዓሣ ላኖርበት ያሰብኩት ገንዳ 120 በ50 በ50 ሴንቲ ሜትር ነው፣ መስታወቱ 10 ሚሊ ሜትር። በወረቀት 300 ሊትር ይይዛል፤ ድንጋይና አሸዋ ገብቶ ከላይም ትንሽ ሲቀነስ 240 ሊትር ገደማ ውሃ ይቀራል። ውሃው፣ መስታወቱ፣ ድንጋዩና የብረት መቆሚያው ሲደመር ከ400 ኪሎ ያልፋል። የመኖሪያ ቤት ወለል በተለምዶ የሚሠላው በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ያህል እንዲሸከም ነው፤ ይሄ ሁሉ ጭነት የሚያርፈው ግን ከአንድ ካሬ ባነሰ ቦታ ላይ ነው። ከታች የሚኖሩት መሐንዲስ ጎረቤታችን መጥተው አዩልኝና ቢሙ የሚያልፍበትን ግድግዳ በእጃቸው አንኳኩ። «እዚህ ሥር ከሆነ አትስጋ። መሐል ሳሎን ካልክ ግን እኔም ከሥሩ አልተኛም» አሉ። ግድግዳው ሥር ሆነ።

መስታወቱ ከነመቁረጡና ከነማጣበቁ 16,000 ብር ወጣበት። መስታወት ቤቱ ያቀረበልኝን የመታጠቢያ ቤት ሲልከን መለስኩት፤ ሻጋታ መከላከያ ስላለበት ለዓሣ መርዝ ነው። ሲደርቅ አቼቶ አቼቶ የሚሸተው ተራው የመስታወት ሲልከን ይሻላል፣ ዋጋውም ይረክሳል።

ጥቅምት፦ ድንጋይ መሥራት

የጨው ውሃ ገንዳን የሚያኖረው ማጣሪያው ሳይሆን ድንጋዩ ነው። ዓሣ የሚያወጣውን አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት የሚቀይሩ ባክቴሪያዎች የሚሰፍሩት ድንጋዩ ላይና ቀዳዳዎቹ ውስጥ ነው። ኦክስጅን የማይደርስበት ጥልቅ ቀዳዳ ውስጥ ደግሞ ናይትሬቱን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ የሚለውጡ ሌሎች አሉ። ሌላው ዓለም ከባሕር የወጣ ሕያው ድንጋይ በኪሎ ገዝቶ ይከታል። እኛ ጋ ባሕር የለም፤ ከዚያም በላይ የጠንካራ ኮራል ድንጋይ በሳይቲስ (ለመጥፋት የተጋለጡ ፍጥረታትን ንግድ የሚቆጣጠር ዓለም አቀፍ ስምምነት) ሁለተኛ አባሪ ሥር ስለሆነ ድንበር ሲሻገር ፈቃድ ይፈልጋል፤ በአውሮፕላን ድንጋይ ማስጫን ደግሞ ገንዘብ መበተን ነው። ስለዚህ አብዛኛውን ቤት ውስጥ ልሠራ፣ ትንሽ ሕያው ድንጋይ ከተገኘ እሱን እንደ እርሾ ልጨምርበት ወሰንኩ።

መጀመሪያ የሞከርኩት የሙገርን ኖራ ድንጋይ ነው። ዛሬ ለሲሚንቶ የሚፈጨው ይህ ድንጋይ በጁራሲክ ዘመን አገሩን ሸፍኖ የነበረ ባሕር የተወው ነው። አቼቶ ጠብ ሲደረግበት ይፈላል፣ ማለትም ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ውሃውን አይጎዳም። ጉዳቱ ድፍን መሆኑ ነው። አንድ ቁራጭ ውሃ ውስጥ አሳድሬ ሰበርኩት፤ ውስጡ ደረቅ ነበር። ውሃ ካልገባ ባክቴሪያም አይገባም። ሁለት ጠፍጣፋ ቁራጭ ለመሠረት አስቀርቼ የቀረውን ተውኩት። የአዲስ አበባ ጥቁር ድንጋይ አቼቶ ላይ ዝም ይላል፣ ክብደቱም ለከንቱ ነው።

ስለዚህ ሲሚንቶ። አንድ እጅ ኦፒሲ፣ አንድ እጅ የቴራዞ ጠጠር፣ ሁለት እጅ ያልተፈጨ የአፋር ጨው። የቴራዞ ጠጠሩ እብነ በረድ ስለሆነ እሱም ካርቦኔት ነው፤ አንድ እፍኝ አቼቶ ላይ ሞክሮ መግዛት ያዋጣል፣ አንዳንዱ ጆንያ ሌላ ድንጋይ የተቀላቀለበት ነው። ጨው የገባው በኋላ ሟሙቶ ቀዳዳ እንዲተው ነው። ውሃው ትንሽ መሆን አለበት፤ ሲጨበጥ ቅርጹን የሚይዝ፣ ሲለቀቅ የማይፈስ። እርጥብ አሸዋ የሞላ ሳፋ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሬ፣ ሊጡን ጨምሬ፣ መሐሉ ላይ የአሸዋ እብጠት አስቀምጬ እንደገና በሊጥ ሸፈንኩት። አሸዋው በኋላ ሲታጠብ ዋሻ ይቀራል።

ግቢ ውስጥ የሚሠራ ግንበኛ ልጅ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና አላስቻለውም።

«ጋሼ፣ ጨው እኮ ሲሚንቶ ይበላል!»

«እንዲበላልኝ ነው የከተትኩት።»

«እሺ ቢያንስ ፌሮ ይግባበት።»

ፌሮ ፈጽሞ አይገባም፤ ጨው ውሃ ውስጥ ዝጎ ድንጋዩን ይሰነጥቀዋል። ማያያዣ የሚያስፈልገው ቦታ ላይ የፒቪሲ ቱቦ ቁራጭ ይበቃል። ልጁ ግን ጥሩ ነገር አሳየኝ፦ ሊጡ ሳይደርቅ በብሩሽ ፊቱን መምታት። ልስልሱ ፊት ተነሥቶ ጠጠሩና ጨው ብቅ ሲል ድንጋዩ የፋብሪካ ዕቃ መምሰሉን ይተዋል።

ጨው ያየ ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነው፤ የገንዳውስ ውሃ ለምን በዚሁ ጨው አይሠራም? የአፋር ጨው ከቀይ ባሕር ውሃ የቀረ አይደል? ነው። ግን የባሕር ውሃ ሲተን ሁሉም አብሮ አይረጋም። ካልሲየሙ ከሞላ ጎደል ጂፕሰም ሆኖ ቀድሞ ይወርዳል፣ ቀጥሎ የምግብ ጨው፣ ማግኒዥየምና ፖታሲየም በመጨረሻ። ለዚህ ነው ዳሎል ላይ ፖታሹ ለብቻው የሚገኘው። የምንበላው ጨው የመሐሉ ክፍል ብቻ ነው። ባሕር ውስጥ ግን በሊትር 1,300 ሚሊ ግራም ገደማ ማግኒዥየም፣ 400 ያህል ካልሲየም አለ፤ ያለ እነሱ ቀንድ አውጣው ቅርፊቱን አይሠራም። የአኳሪየም ጨው ከዱባይ በሰው ሻንጣ ነው የመጣው። ለአንድ ሙሌት ከ8 እስከ 9 ኪሎ ይፈጃል።

ኅዳር፦ መንከር

ድንጋዩ በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ከረመ፣ ከዚያ በርሜል ውስጥ ገባ። አዲስ ሲሚንቶ የነካው ውሃ ፒኤቹ 12 ይደርሳል፤ ገንዳው የሚፈልገው 8.1 እስከ 8.4 ነው። ውሃውን እየቀየሩ መጠበቅ እንጂ ሌላ ብልሃት የለም። የመጀመሪያዎቹ ቅያሪዎች ከባድ ጨው ይዘው ስለሚወጡ አትክልት ላይ እንዳይደፉ። የውሃ ፈረቃችን ሳምንቱን ሙሉ ስለማያዳርስ ለመንከሪያው የአርኦ ማጣሪያው (ውሃን በግፊት በሜምብሬን አሳልፎ የሚያጣራ) የሚያስወጣውን ውድቅ ውሃ ተጠቀምኩ።

ስለ አርኦው፦ የቧንቧ ውሃ ክሎሪን፣ ሲሊኬትና ሌላም ይዞ ስለሚመጣ ለጨው ውሃ ገንዳ እንዳለ አይገባም። አራተኛ ፎቅ ላይ ግፊቱ ደካማ ስለሆነ ሜምብሬኑ ጠብ ጠብ ብቻ ነበር የሚያደርገው፤ ግፊት የሚጨምር ትንሽ ፓምፕ ከተገጠመ በኋላ ነው ሥራ የጀመረው። ለአንድ ባልዲ ንጹሕ ውሃ ሦስት አራት ባልዲ ውድቅ ይወጣል። በርሜል ውስጥ ተጠራቅሞ ለሽንት ቤትና ለወለል ይውላል፣ ባለቤቴም በዚህ ብቻ ነው ማሽኑን የታገሠችው። ከማጣሪያው በኋላ የነሐስ ቧንቧ ወይም ማያያዣ አይግባ፤ ውስጡ ያለው መዳብ ቀንድ አውጣና ሽሪምፕ ይገድላል። ቧንቧ ሠሪው የገጠመውን ነሐስ አስፈትቼ በፕላስቲክ አስቀየርኩ።

ታኅሣሥ፦ አደራደር

ድንጋዩ ፒኤቹ ሲረጋ ገንዳው በደረቁ ተደረደረ። ውሃ ከገባ በኋላ ሐሳብ መቀየር ክንድ ማራስ ብቻ አይደለም፤ ሁሉም ነገር ይደፈርሳል።

በመጀመሪያ የደረደርኩት እንደ ካብ ነበር፤ ከጀርባው መስታወት ጋር ተጣብቆ ከጫፍ እስከ ጫፍ። ፎቶ ላይ ያምራል። ዌቭሜከሩን (ገንዳው ውስጥ ውሃውን የሚገፋ ፓምፕ) አስገብቼ ለሙከራ በቧንቧ ውሃ ሞላሁትና የዓሣ ምግብ አድቅቄ በተንኩ። ዱቄቱ ከፊት በደንብ ይዞራል፤ ከካቡ ኋላ ሲደርስ ግን ቀስ እያለ ወርዶ ይተኛል። በእጅ ባትሪ ከጎን ሳየው ሥሩ ላይ ነጭ መስመር ሠርቷል። የዓሣ ኩስና ትርፍ ምግብ ለወራት የሚከማቸው እዚያ ነው፤ ሲበሰብስም ኦክስጅን ይበላል።

እዚህ ከተማ ደግሞ ኦክስጅን የሚባክን ነገር አይደለም። ከ2,300 ሜትር በላይ ነን፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ቢሆን ነው። የባሕር ውሃ በ25 ዲግሪ ሞምባሳ ላይ በሊትር 6.7 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን መያዝ ሲችል፣ እኛ ጋ 5 ያህል ይዞ ይሞላል። ምንም ዓይነት ፓምፕ ከዚያ አያሳልፈውም። ፓምፕ የሚያደርገው የጎደለውን ቶሎ መተካት ነው። ስለዚህ የውጭዎቹ መመሪያዎች ስለ ድንጋይ ብዛትና ስለ ዓሣ ቁጥር የሚሉትን እዚህ እንዳለ መውሰድ አይሆንም። ከዚያ ወዲያ የድንጋዩ ቦታ የተወሰነው በመልኩ ሳይሆን ውሃው የት ጋ ያልፋል በሚለው ነው።

ካቡ ፈረሰ። በምትኩ ሁለት ደሴት፦ ግራ ትልቁ፣ ቀኝ ትንሹ፣ መሐላቸው ክፍት ሸለቆ። ሁለቱም ከጀርባው መስታወት 10 ሴንቲ ሜትር ይርቃሉ፤ እጄ ከነማግኔት መጥረጊያው ያልፋል። ከጎንም እንዲሁ። ትልቁ ደሴት ሥሩ ድፍን አይደለም፣ በሦስት እግር የቆመ ቅስት ነው፤ ዌቭሜከሩ የሚገፋው ውሃ በቅስቱ ሥር ያልፍና ከኋላ ዞሮ ወደ ስኪመሩ (አየር ስቦ በአረፋ ቆሻሻ የሚያወጣ ማጣሪያ) ይመለሳል። ሦስት እግር የተመረጠው ወለል ላይ ስለማይወላገድ ነው። ያስገባሁት ድንጋይ በሙሉ 22 ኪሎ ነው፣ የተለመደው ምክር ከሚለው ያነሰ። ዱቄቱን እንደገና በተንኩ፤ አሁን የሚተኛው ከትንሹ ደሴት ኋላ ባለች አንዲት ጥግ ብቻ ነው። ዌቭሜከሩን ትንሽ ወደ ላይ ባዘነብለው እሷም ጠራች፣ የውሃውም ፊት በደንብ መሸብሸብ ጀመረ። ጋዝ የሚለዋወጠው በዚያ ሽብሽብ ላይ ነው።

ማያያዝ፦ ድንጋዩን በ8 ቁጥር የግንብ ፑንታ እየበሳሁ የፒቪሲ ካስማ ከተትኩ። መገጣጠሚያው ላይ ሱፐር ግሉና ደቃቅ ደረቅ የእብነ በረድ ዱቄት ተራ በተራ። ዱቄቱ ሲነካው ወዲያው ይደርቃል፣ ይሞቃልም፤ ጭሱ ዓይን ስለሚያቃጥል መስኮት ተከፍቶ ነው የሚሠራው። ሱፐር ግሉ ብቻውን ጎርባጣ ድንጋይ አይዝም፤ ያለ ዱቄት የሞከርኩት መገጣጠሚያ በሁለት ጣት ተነቀለ።

ድንጋዩ አሸዋ ላይ አይቀመጥም። መስታወቱ ላይ የቢሮ ፍሎረሰንት መብራት የሚሸፈንበትን ነጭ የፕላስቲክ ወንፊት ቆርጬ አነጠፍኩ፣ የሙገሩን ጠፍጣፋ መሠረት እሱ ላይ፣ ደሴቶቹን ከዚያ በላይ፣ አሸዋው መጨረሻ ላይ ዙሪያውን ፈሰሰ። አሸዋ ቀድሞ ከገባ የሚቆፍር ፍጥረት አንድ ሌሊት ሥሩን ቦርቡሮ ድንጋዩን መስታወት ላይ ሊጥለው ይችላል።

ጥር፦ ውሃና እርሾ

ሙሌት። ጨዋማነት 35 በሺህ፣ በሪፍራክቶሜትር። መለኪያውን በተጣራ ውሃ ዜሮ ከማድረግ ይልቅ በ35ቱ የመለኪያ ፈሳሽ ማስተካከል ይሻላል፤ የኔ በዜሮ ትክክል ሆኖ 35 ላይ ሁለት ይሳሳት ነበር።

የጥር ሌሊት ቤቱ ይቀዘቅዛል፣ ገንዳው ደግሞ 25 ዲግሪ ይፈልጋል። አንድ 300 ዋት ሂተር ከማስገባት ሁለት 150 ዋት፤ አንዱ በርቶ ቢቀር ብቻውን ውሃውን አይቀቅልም፣ አንዱ ቢሞት ሌላው ያቆያል። አየሩ ደረቅ ስለሆነ በየቀኑ ብዙ ውሃ ይተናል። የሚተነው ውሃ ብቻ ነው፣ ጨው ይቀራል፤ ስለዚህ የሚሞላው ንጹሕ ውሃ ነው፣ ጨው ውሃ አይደለም።

መብራት ሲጠፋ፦ 12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ ከነኢንቨርተሩ። በወረቀት 1,200 ዋት ሰዓት ነው፤ የአሲድ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹን ብቻ መጠቀም ይመከራል፣ 600 በሉት። 20 ዋት የሚበላው ዌቭሜከር የኢንቨርተሩ ብክነት ታስቦም አንድ ቀን ገደማ ይሄድበታል። ሁለቱ ሂተሮች ቢሰኩበት ሁለት ሰዓት አይሞላም። ስለዚህ ባትሪው ላይ ፓምፕ ብቻ፤ ለሙቀቱ ገንዳው ጋቢ ይለብሳል። ዲቫይደሩ ከውሃው መስመር በላይ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፣ እያንዳንዱ ገመድም ወደ ታች ታጥፎ ነው የሚወጣው፤ በገመዱ የሚወርድ ጠብታ ወለል ላይ ይቅር እንጂ ሶኬት ውስጥ እንዳይገባ።

እርሾው የመጣው ባልተጠበቀ መንገድ ነው። ወደ አገሩ የሚመለስ አንድ የውጭ ሰው ቦሌ ያለውን ገንዳውን ሲበትን 6 ኪሎ ያህል የኖረ ድንጋይ፣ ሁለት ኦሴላሪስ ክላውንፊሽና አንድ ጽዳት ሽሪምፕ ሸጠልኝ። ድንጋዩ በጨው ውሃ በራሰ ጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ በበረዶ ሳጥን፣ በሜክሲኮ መጨናነቅ በኩል መጣ። ሐምራዊ ቅርፊት የለበሰ ነው፤ ኮራላይን አልጌ ይሉታል። ባልዲ ውስጥ ሲራገፍ ብሪስል ወርሞች (ጸጉራም የባሕር ትሎች) ወጡ። ብዙ ሰው ይገድላቸዋል፤ የኔ ቀሩ፣ የተረፈ ምግብ ስለሚበሉ። አንዱ ድንጋይ ላይ ግን ቡናማ ግልጽ ድንኳን የመሰለች ትንሽ ነገር ነበረች፣ ስትነካ ሽምቅ የምትል። አይፕታዚያ፣ ገንዳ የምትወር የባሕር አኔሞን። ብትቆረጥ ከቁራጯ ትበዛለች። ያ የድንጋዩ ጫፍ በመሮ ተነቅሎ ተጣለ።

የኖረው ድንጋይ ሸለቆው አጠገብ፣ ውሃ በደንብ በሚያልፍበት ቦታ ተቀመጠ፤ ባክቴሪያው ወደ ሲሚንቶው የሚዛመተው በውሃው ነው። ዓሦቹ እስከዚያ በሻጩ ትንሽ ገንዳ እኔ ጋ ተቀመጡ። ትልቁ ገንዳ ለባክቴሪያው ምግብ እንዲሆን አሞኒየም ክሎራይድ ተሰጠው፣ ወደ 2 ሚሊ ግራም በሊትር። አሞኒያ ወረደ፣ ናይትራይት ወጣ፣ ናይትራይቱም ወርዶ ናይትሬት ቀረ። በመሐል ሁሉም ነገር ቡናማ ትቢያ ለበሰ፤ ዳያቶም ነው፣ ሲሊኬት እስኪያልቅ ይቆያል። በየቀኑ መጥረጉ ዋጋ የለውም።

የካቲት፦ ፍጥረታት

የሰውዬው ውሃ እፍጋት ከንጹሕ ውሃ አንጻር ሲለካ 1.021 ነበር፣ የኔ 1.026፣ ማለትም 35 በሺህ ገደማ። ወደ ላይ መውጣት ለዓሣም ለሽሪምፕም ከባዱ አቅጣጫ ነው። ትንሹ ገንዳ ውስጥ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ጨው ውሃ እየተጨመረ ከተስተካከለ በኋላ ተዛወሩ። ሽሪምፑ ገብቶ ቅስቱ ሥር ተገልብጦ ተንጠለጠለ፣ ጣሪያው ቦታው ሆነ። ክላውንፊሾቹ የተሠራላቸውን ዋሻ ንቀው የሂተሩን ጥግ መረጡ።

ቀንድ አውጣዎች፣ ሸርጣኖችና አንድ ሳላሪያስ የሚባል አልጌ የሚግጥ ዓሣ ከኬንያ የባሕር ጠረፍ መጡ፣ ለራሱ ዓሣ የሚያስመጣ የአኳሪየም ነጋዴ በፈቃዱና በጤና ምስክር ወረቀቱ ውስጥ ደርቦልኝ። በባሕር ወለል ላይ የታሸገው ፌስታል እዚህ ሲደርስ ተነፍቶ ሊፈነዳ ደርሷል። እንዲህ የቆየ ፌስታል ተከፍቶ ቀስ በቀስ ጠብታ አይሰጠውም። ታሽጎ ሳለ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ፒኤቹን ስለሚያወርድ የተጠራቀመው አሞኒያ ብዙም አይጎዳም፤ ሲከፈት ጋዙ ይወጣል፣ ፒኤቹ ይነሣል፣ አሞኒያውም መርዝ ይሆናል። ስለዚህ ጨዋማነቱ ቀድሞ ተጠይቆ መቀበያ ባልዲ በዚያው ልክ ተዘጋጀ፤ ፌስታሉ ሳይከፈት ሙቀቱ ተስተካከለ፣ ከተከፈተ በኋላ ወዲያው ማዛወር፣ የፌስታሉ ውሃ ወደ ውጭ።

ቱርቦ ቀንድ አውጣዎቹ በአንድ ሌሊት ያልተጣበቀውን ሁሉ አሳዩኝ። ትንሹ ደሴት ጫፍ ላይ እንዲሁ የተቀመጠች ቁራጭ ጠዋት አሸዋ ላይ ተገኘች። በካስማ ተመለሰች።

መጋቢት፦ ሌሊቱ

ፒኤች ጠዋት 7.8፣ ከሰዓት 8.2። ሌሊት አልጌው ኦክስጅን መሥራት አቁሞ እሱም ይተነፍሳል፣ ለብርድ ብለን መስኮት ስለምንዘጋ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ቤት ውስጥ ይጠራቀማል። አንድ እሑድ ግን በቀትር 7.7 ወረደ። ምክንያቱ ቡና ነበር፦ ሳሎን ውስጥ ከሰል፣ ዕጣን፣ በርና መስኮት ዝግ። ቡናው አይቀርም፤ የስኪመሩ አየር መሳቢያ ቱቦ ነው የተቀየረው። በመስኮቱ ጥግ ተበስቶ ወደ ውጭ ወጣ፣ ጫፉ ላይ የትንኝ ወንፊት። ከዚያ ወዲህ የጠዋቱ 8.0 ነው፣ ቡና ቢፈላም ብዙ አይንቀሳቀስም። የዕጣን ጭስም ስኪመሩ ውስጥ አይገባም።

ናይትሬት በሊትር 10 ሚሊ ግራም ላይ ቆሟል። ሲሚንቶው ድንጋይ ላይ ከሕያው ድንጋዩ ፊት ለፊት ባለው ጎን የመጀመሪያዎቹ ሐምራዊ ነጠብጣቦች ወጥተዋል፤ በሌላው ጎን ገና ነው። ነጋዴው አራተኛ ዓሣ ይዤልሃለሁ ብሎ ደውሎ ነበር። አልወሰድኩም፤ በዚህ ከፍታ ለ240 ሊትር ሦስት ይበቃል። ቀጣዩ ሥራ ሁለተኛ ዌቭሜከር ነው፣ በተቃራኒው ጎን፣ ሌሊት ብቻ የሚሠራ። ከዚያ አልካሊኒቲ (በአብዛኛው የውሃው ካርቦኔትና ባይካርቦኔት) መለካት፦ ኮራላይን አልጌው መስፋፋት ከጀመረ እሱንም ካልሲየሙንም ይበላል።